ቡናው ይጠበቃል፥ ዕድሜ ግን አይጠብቅም
ልጅ ያጡ ባልና ሚስት መቼ ወደ ሐኪም ይሂዱ? ገንዘባቸውንስ በምን ላይ አስቀድመው ያውጡ?

ከጅማ ተነሥቶ ወደ አጋሮ የሚጓዝ ሰው 20 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ የመና ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከየቡ ይደርሳል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ቡና ነው፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የቆመ ቡና፥ በየደጁ የተሰጣ ቡና፥ በየመደብሩ በጆንያ ተከምሮ መኪና የሚጠብቅ ቡና። በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ አበባ ይለብሳል። ከዚያ ወዲያ ፍሬው ቀልቶ ለለቀማ እስኪደርስ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር ይፈጃል፤ ሕፃን በእናቱ ማኅፀን የሚቆየውን ያህል መሆኑ ነው።

እንግዲህ የየቡ ገበሬ ደኅና ገንዘብ የሚያየው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸቱ ተለቅሞ ለእጥበት ጣቢያ ይሸጣል፤ የተረፈው በደጅ ደርቆ ጀንፈል ሆኖ ይቀመጥና ዋጋው ከፍ ሲል ወደ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚታሰበው ነገር ሁሉ ቡናን ይጠብቃል። የጣራ ቆርቆሮ ቡናን ይጠብቃል፤ ሠርግ ቡናን ይጠብቃል፤ ዕዳ መክፈልም እንደዚሁ። በደመወዝ የሚተዳደረው የወረዳ ጸሐፊና አስተማሪም ቢሆን ከዚህ ልማድ አያመልጥም፤ ለትልቅ ወጪ የሚተማመነው የአባቱን ወይም የአማቱን ቡና ነውና።

ቆርቆሮ በሚቀጥለው ዓመት ቢለወጥ ብዙ ጉዳት የለበትም። ልጅ አጥተው ሐኪም ለማየት ያሰቡ ባልና ሚስት ግን «ቡናው ይድረስና» እያሉ አንድ ዓመት፥ ሁለት ዓመት፥ ሦስት ዓመት ሲያሳልፉ ይታያል። በዚህ ጉዳይ ከገንዘቡ ይልቅ የሚወደደው ጊዜው ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ደግሞ የሚጠየቀው ገንዘብ እጅግ ይበዛል፤ የሚገኘውም ውጤት ያንሳል።

«ምነው፥ እስካሁን?»

በአገራችን ሠርግ ከተደረገ ዓመት ሳይሞላ ጥያቄ ይጀመራል። የባል እናት ትጠይቃለች፤ ጎረቤት ትጠይቃለች፤ ለቡና የተጠራው ሁሉ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ነገሩን በዘዴ ያነሣዋል። የሚጠየቀው ማነው ቢባል ሁልጊዜ ሴቲቱ ናት። «ምነው ልጄ፥ እስካሁን?» የሚለው ቃል በፍቅር የተነገረ ቢሆንም እንኳ ለምትሰማው ሴት ከስድብ አይሻልም። «መካን» የሚለውን ቃል ሕዝባችን ለሴት እንጂ ለወንድ ሲጠቀምበት ብዙም አይሰማም፤ በዚሁ ምክንያት የፈረሰ ትዳርና በላይዋ ላይ ሌላ ሚስት የመጣባት ሴት በየመንደሩ አለ።

የሕክምና ትምህርት የሚለው ከዚህ ይለያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ እንደ ተገመተው በዓለም ላይ ካሉት አዋቂዎች መካከል ከመቶው 17.5 የሚሆኑት፥ ማለት ከ6 ሰዎች አንዱ ያህል፥ በዕድሜው አንድ ዘመን ልጅ የማጣት ችግር ይገጥመዋል። ችግሩ በሀብታም አገርም በድኻ አገርም የሚቀራረብ ነው። ከሚመረመሩት ባልና ሚስት መካከል በግማሹ ያህል፥ ብቻውን ወይም ከሚስቱ ችግር ጋር ተደርቦ፥ ከወንዱ በኩል ምክንያት ይገኛል። ሴቲቱን ብቻ ይዞ ከሐኪም ወደ ሐኪም መዞር እንግዲህ ግማሹን መጽሐፍ ሳይገልጡ ለፈተና እንደ መቀመጥ ነው።

የወሩ ሒሳብ

ጤነኛ የሆነች ሴት በወር አንድ ጊዜ አንድ እንቁላል ታወጣለች። ያ እንቁላል ከወጣ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቢቆይ ነው። የወንድ ዘር ግን በሴት ማኅፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በወር ውስጥ ፅንስ ሊያዝ የሚችልባቸው ቀኖች ስድስት ያህል ብቻ ናቸው፤ እንቁላሉ የሚወጣበት ቀንና ከእርሱ በፊት ያሉት አምስት ቀኖች። የወር አበባዋ በ28 ቀን ለሚመላለስ ሴት እንቁላሉ የሚወጣው አበባው ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ሲቆጠር በ14ኛው ቀን አካባቢ ነው፤ ዑደቷ ረዘም ያለ እንደሆነ ቀኑም ወደ ኋላ ይላል። በእነዚህ ቀኖች በየቀኑ ወይም አንድ ቀን እየዘለሉ መገናኘት ይበቃል።

ይህን ነገር በተለይ ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች መንገር ያስፈልጋል። ባል በሊሙ ተመድቦ ሚስት በየቡ የምታስተምር እንደሆነ፥ እርሱም በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚመጣ እንደሆነ፥ ያ ቅዳሜ ከስድስቱ ቀኖች ውጭ ሲውል ዓመቱ በከንቱ ያልፋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ታመዋል አይባልም። የሚያስፈልጋቸው መድኃኒት አንድ የዝውውር ደብዳቤ ነው፤ ወይም እስኪዛወሩ ድረስ ቀን ቆጥሮ ፈቃድ መጠየቅ። ሐኪም ዘንድ ሄደው ብዙ ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት ባልና ሚስት በእውነት ስንት ወር አብረው እንደ ኖሩ ይቁጠሩት።

አብረው የሚኖሩና የወሊድ መከላከያ የማይጠቀሙ ባልና ሚስት ከመቶው 80 ወይም 85 የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ፅንስ ያገኛሉ። ከቀሩትም ብዙዎቹ በሁለተኛው ዓመት ይሳካላቸዋል። ሐኪሞች ደንብ ያደረጉት ይህን ሒሳብ ተከትለው ነው፤ ሴቲቱ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች አንድ ዓመት ሞክሮ ካልሆነ ወደ ሐኪም መሄድ፥ 35 ዓመት ከሞላት ግን ከስድስት ወር በላይ አለመጠበቅ፥ 40 ዓመት ካለፋት ምንም ሳይቆዩ መሄድ። የወር አበባዋ በሦስትና በአራት ወር የሚመጣ፥ ወይም ከዚህ ቀደም የማኅፀን ቁስለት ያገኛት ሴት እንዲሁም ከጉርምስና በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዞት የዘር ፍሬው ያበጠ ወይም በዚያው ቦታ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወንድ ዓመት መጠበቅ አይገባቸውም።

ዕድሜ እንዲህ የሚቆጠረው ለምን ነው? ወንድ ዘሩን ዕድሜውን ሙሉ አዲስ እያደረገ ያፈራል፤ ሴት ግን እንቁላሎቿን ሁሉ ይዛ ትወለዳለች። ስትወለድ ከ1 ሚሊዮን እስከ 2 ሚሊዮን ይሆናሉ፤ ለአካለ መጠን ስትደርስ ከ300 ሺህ እስከ 400 ሺህ ይቀራሉ፤ በዕድሜዋ ዘመን በየወሩ የሚወጡት ግን 400 ያህል ብቻ ናቸው። የቀሩት በልተው ጠጥተው እንደሚሄዱ እንግዶች ዝም ብለው ያልቃሉ። ከ35 ዓመት ወዲህ ቁጥራቸው ብቻ ሳይሆን ጥራታቸውም በፍጥነት ይቀንሳል፤ ይህንንም የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከማን ይጀመር?

አንድ ባልና ሚስት በሐሳባችን እንሣል። እርሱ በወረዳው መዝገብ ቤት የሚሠራ የ32 ዓመት ሰው ነው፤ እርሷ የ30 ዓመት አስተማሪ ናት። ከተጋቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የመጀመሪያው ቡና ሲሸጥ ዘመድ በመከራቸው መሠረት ባህል ሐኪም ዘንድ ሄደው ሥርና ቅጠል ገዙ። በሁለተኛው ዓመት ሚስቲቱ ብቻዋን ወደ ጅማ ወርዳ በአንድ ክሊኒክ ደምና ሽንት ተመርምራ መርፌና ቪታሚን ይዛ ተመለሰች። በሦስተኛው ዓመት ሁለቱም አዲስ አበባ ደረሱ። እዚያ ያገኙት ሐኪም በመጀመሪያው ቀን የጠየቃቸው «የባለቤትሽ የዘር ምርመራ ውጤት የት አለ?» ብሎ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ችግሩ ከእርሱ በኩል ሆኖ ተገኘ። የሦስት ዓመት ቡና ጤነኛ በሆነችው ሰው ላይ ወጣ፤ እርሷም 33 ዓመት ሞላት። እነዚህ ባልና ሚስት በሐሳባችን የሠራናቸው ናቸው፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ታሪክ ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለንም።

የወንድ ዘር ምርመራ ከምርመራዎች ሁሉ ቀላሉ፥ ሕመም የሌለበትና ዋጋውም አነስተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሰውየው ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ዘሩን በንጹሕ ዕቃ ይሰጣል፤ የላቦራቶሪ ሠራተኛም በማይክሮስኮፕ አይቶ ቁጥሩን፥ አካሄዱንና ቅርጹን ይመዘግባል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ዘሩ ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ፥ ሳይቀዘቅዝና ሳይሞቅ፥ ከላቦራቶሪው መድረስ አለበት። ስለዚህ ከየቡ በጠርሙስ ይዞ በሚኒባስ ተሳፋሪ እስኪሞላ መጠበቅ ዋጋ የለውም፤ ጅማ ወርዶ በዚያው በምርመራው ቦታ መስጠት ይሻላል። የመጀመሪያው ውጤት መጥፎ የሆነ እንደሆነ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚፈጅ፥ ባለፈው ወር የያዘ ብርቱ ትኩሳት እንኳ የዛሬውን ውጤት ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ከጥቂት ሳምንት እስከ ሦስት ወር በሚሆን ጊዜ ይደገማል።

እዚህ ላይ በጅማ አካባቢ ሳይነሣ የማይታለፍ ነገር አለ። በየመን አገር ጫት አዘውትረው በሚቅሙ ወንዶች ላይ ተደርጎ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 የታተመ ጥናት፥ ጫቱ ከዘር ቁጥር ማነስና ከአካሄድ መዳከም ጋር ተያይዞ እንደ ተገኘ ይናገራል። ሲጋራና ብዙ መጠጥም ጉዳት አላቸው። ጫት የሚቅም ሰው ሁሉ ልጅ አይወልድም ማለት አይደለም፤ የብዙ ልጆች አባት የሆነ ቃሚ በየቡ ሞልቷል። ነገር ግን ውጤቱ ደካማ የሆነበት ሰው ጫቱን ለሦስት ወር ትቶ ምርመራውን ቢደግም ገንዘብ ያተርፋል እንጂ አያወጣም። ከዚህ ርካሽ ሕክምና አናውቅም።

ብዙ ወንዶች ይህን ምርመራ እንደ ውርደት ይቆጥሩታል። ሚስት በመርፌ ስትወጋ፥ በራጅ ስትታይ፥ ሆዷን ስትነካ ዝም ብለው የሚያዩ ባሎች በአንዲት ብልቃጥ ፊት ይሸሻሉ። ይህ ወንድነት ከሆነ በጣም የሚያስከፍል ወንድነት ነው።

በሴቲቱ በኩል በመጀመሪያ የሚታየው እንቁላል በየወሩ መውጣቱና አለመውጣቱ ነው። ለዚህ የዑደቷ ታሪክ፥ አልትራሳውንድና ጥቂት የደም ምርመራ ይበቃል፤ የታይሮይድ እጢ ሥራ መዛባትም እንቁላልን ሊያስቀር ስለሚችል አብሮ ይመረመራል። እንቁላል የማይወጣ እንደሆነ በመጀመሪያ የሚሰጠው በጥቂት ቀን የሚዋጥ ኪኒን ነው። ክሎሚፊን ወይም ሌትሮዞል የሚባሉት እነዚህ ኪኒኖች ከትልልቆቹ ሕክምናዎች ጋር ሲወዳደሩ ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ብዙ ሴቶችንም እናት አድርገዋል። ሆኖም ከጓደኛ ሰምቶ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ አደጋ አለው። መንታና ከዚያም በላይ ሊያስፀንሱ ይችላሉ፤ ቱቦዋ የተዘጋ ወይም ባሏ ዘር የሌለው ሴት ደግሞ ዓመት ሙሉ ብትውጣቸው ምንም አይጠቅሟትም።

ቀጥሎ የሚታየው የማኅፀን ቱቦ ነው። እንቁላልና ዘር የሚገናኙት በዚህ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1970ዎቹ በብዙ አገሮች ያስደረገው ጥናት እንዳሳየው፥ በአፍሪካ ከተመረመሩት ሴቶች ለአብዛኞቹ ልጅ ማጣት ምክንያት የሆነው ኢንፌክሽን የተወው ጠባሳ ነው። ጨብጥና ክላሚድያ፥ በንጽሕና ያልተደረገ ውርጃ፥ ከወሊድ በኋላ የያዘ ትኩሳት፥ አንዳንድ ጊዜም የነቀርሳ በሽታ ቱቦውን ይዘጋሉ። ክላሚድያ በተለይ ተንኮለኛ ነው፤ በብዙ ሴቶች ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ ያልፋል። በጊዜው ቢታወቅ በጥቂት ቀን መድኃኒት የሚድን ነገር፥ ጠባሳ ከተወ በኋላ ግን ትልቁን ወጪ ይጠይቃል። ቱቦው ክፍት መሆኑን ለማወቅ በማኅፀን ውስጥ ቀለም አስገብቶ በራጅ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ይህም የሚደረገው የወር አበባ እንዳቆመ፥ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀኖች ነው። ቀኑ ካለፈ ወር ይጠበቃል። ቀጠሮ ሲይዙ የወር አበባን ቀን ሳይቆጥሩ ጅማ የሚወርዱ ሰዎች የመኪና ከፍለው በባዶ እጅ የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነው።

የአዲስ አበባው መንገድ

ቱቦው ፈጽሞ የተዘጋ፥ ወይም የባል ዘር እጅግ ያነሰ እንደሆነ፥ እንቁላሉንና ዘሩን ከሰውነት ውጭ በላቦራቶሪ አገናኝቶ ፅንሱን ወደ ማኅፀን የመመለስ ሕክምና ይቀራል። ይህ ጥበብ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬ ያፈራው በእንግሊዝ አገር በኦልደም ከተማ ነው። ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. ሉዊዝ ብራውን የምትባል ሕፃን ተወለደች። እናቷ የተዘጋ ቱቦ ነበራት፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲመኙ የኖሩት ወላጆቿም ተራ ሠራተኞች እንጂ ባለጸጎች አልነበሩም። ሥራውን የሠሩት ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ፥ ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስና ነርሷ ጂን ፐርዲ ናቸው። ኤድዋርድስ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፥ ሁለቱ ባልደረቦቹ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። ዘሩ ላነሰ ወንድ አንዱን ዘር በረቂቅ መርፌ ወደ እንቁላሉ የማስገባቱ ዘዴ ደግሞ በቤልጅግ አገር በብራስልስ ተገኝቶ የመጀመሪያው ልጅ የተወለደው በ1984 ዓ.ም. ነው።

በአገራችን ለብዙ ዘመን ይህን የሚፈልግ ሰው ወደ ሕንድ፥ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ዐረብ አገሮች መሄድ ነበረበት፤ ይህም የነጋዴና የባለሥልጣን እንጂ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነገር አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመጀመሪያው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሥራ ጀመረ። ማዕከሉ የተቋቋመው ከአሜሪካው ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው፤ በዚህም ሥራ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኢትዮጵያዊት ተወላጅ ዶክተር ሰናይት ፍስሐ ብዙ ደክመዋል። በከተማው የግል ማዕከሎችም አሉ።

ሕክምናው እንዲህ ነው። የወር አበባዋ በጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሴቲቱ መርፌ መወጋት ትጀምራለች፤ ይህም ከ10 እስከ 12 ቀን ያህል በየቀኑ ይቀጥላል። በመካከሉ እንቁላሎቹ ማደጋቸው በየሁለትና በየሦስት ቀኑ በአልትራሳውንድ ይታያል። ሲበስሉ የመጨረሻው መርፌ ይሰጥና ከ36 ሰዓት ያህል በኋላ በማደንዘዣ ይወጣሉ። በላቦራቶሪ ከዘር ጋር ይገናኛሉ፤ ፅንሱ ሦስት ወይም አምስት ቀን ይጠበቅና ወደ ማኅፀን ይመለሳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የደም ምርመራ መልሱን ይናገራል። እንግዲህ ከየቡ ለሚመጣ ሰው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ያህል አዲስ አበባ መክረም ያስፈልጋል ማለት ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በየሁለት ቀኑ መመላለስ አይታሰብም።

ወጪውን ሲያስቡ ብዙዎች የሚያስቡት ለሐኪም የሚከፈለውን ብቻ ነው። ትልቁ ድርሻ ግን ብዙ ጊዜ የመርፌው መድኃኒት ነው፤ ከውጭ አገር የሚመጣና በቅዝቃዜ የሚጠበቅ ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ፥ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከባሕር ማዶ የሚገዛ መድኃኒትም ከዚህ አያመልጥም። በዚህ ላይ የመኝታ፥ የምግብና የታክሲ አለ፤ ባል ፈቃድ ካላገኘ የሚቀር ደመወዝ አለ፤ በለቀማ ወራት ከሆነ ደግሞ ቤት የሚጠብቅና ቡና የሚያስለቅም ሰው መክፈል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2018 ዓ.ም. ስለ መካንነት የመጀመሪያውን መመሪያ ሲያወጣ እንደ ተናገረው፥ በአንዳንድ አገር የዚህ ሕክምና አንድ ዙር ብቻ የአንድን ቤተ ሰብ የሁለት ዓመት ገቢ ይፈጃል።

አንድ ዙር ደግሞ ልጅ ማለት አይደለም፤ ይህን ማንም ሊሸሽገው አይገባም። መዝገብ በሚገባ በሚያዝበት በእንግሊዝ አገር እንኳ፥ ወደ ማኅፀን ከተመለሰ ፅንስ ልጅ የወለዱት ከ35 ዓመት በታች ካሉት ሴቶች ከሦስት አንድ ያህል ናቸው፤ ከ40 እስከ 42 ባሉት ከአሥር አንድ ያህል፤ ከ43 ወዲያ በራሳቸው እንቁላል ከመቶ አምስት አይሞሉም። በ32 ዓመት የሚከፈለው ገንዘብና በ42 ዓመት የሚከፈለው ገንዘብ በደረሰኙ ላይ አንድ ነው፤ የሚገዛው ተስፋ ግን ሦስት እጥፍ ይለያያል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት በግልጽ መጠየቅ የሚገባ ነገር አለ። የተነገረው ዋጋ መድኃኒቱን ይጨምራልን? የተረፈውን ፅንስ ማስቀመጥስ ለብቻው ይከፈላልን? የመጀመሪያው ሙከራ ባይሳካ ሁለተኛው ስንት ነው? በዕድሜዬና በበሽታዬ ልክ የሆኑ ስንት ሴቶች ወለዱ? ይህን ጥያቄ በቁጣ የሚቀበል ቤት ካለ ሌላ ቤት መፈለግ ነው። የጤና መድን ያለው ሰውም የትኛው ምርመራ እንደሚሸፈንለት አስቀድሞ ይጠይቅ። በእኛ አስተያየት የዓመቱን ቡና መሸጥ ይቻላል፤ የቡናውን መሬት ግን ለአንድ ዙር ሙከራ መሸጥ አይገባም። ቡና በዓመቱ ይመለሳል፤ መሬት አይመለስም፤ የሚወለደውም ልጅ የሚያድገው በዚያው መሬት ነው።

የሃይማኖት ነገር

አብዛኛው የየቡ ሰው እስላም ነውና ይህ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። በግብጽ የአል አዝሃር ታላቅ ሊቅ የነበሩት ሼኽ ጋድ አል ሐቅ በ1972 ዓ.ም. በሰጡት ፈትዋ፥ ዘሩ የባልየው፥ እንቁላሉም የሚስቲቱ እስከ ሆነና ትዳሩ እስከ ጸና ድረስ ሕክምናው የተፈቀደ ነው ብለዋል፤ የሦስተኛ ሰው ዘር ወይም እንቁላል መግባቱን ግን ከልክለዋል። የክርስቲያኑ ወገንም ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመካከር መልካም ነው። ዱዓ የሚያስደርገውም ጠበል የሚጠመቀውም ሐኪም ቤት ከመሄድ አይከለከልም፤ ሁለቱን በአንድ ወር ማድረግ ይቻላል።

ሁሉም ተሞክሮ ሳይሆን የሚቀርም አለ። ለዚህ የጅማ ኦሮሞ ከሐኪሞች አስቀድሞ መልስ ነበረው፤ ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከእርሱ ነው። የወንድም ወይም የዘመድ ልጅ፥ ወይም ባዕድ ልጅ፥ በሙሉ ስምና በሙሉ ርስት የቤት ልጅ ይሆናል። ዛሬም ሕግ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ውሉ በፍርድ ቤት ሲጸድቅ ይጸናል። ባልና ሚስት ወጪ ከመጀመራቸው በፊት «እስከ ስንት ሙከራ? እስከ ስንት ብር?» ብለው ቢነጋገሩ፥ ይህን በር በደከሙ ጊዜ ሳይሆን በጤናቸው ጊዜ ሊያዩት ይችላሉ።

ወደ መዝገብ ቤቱ ሠራተኛና ወደ አስተማሪቱ እንመለስና፥ እንደ ገና ቢጀምሩት እንዴት ያደርጉት ነበር? በግንቦት፥ ቡናው ገና አረንጓዴ ሳለ፥ ሁለቱ አብረው ጅማ ይወርዳሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለየቡ ሰው ቅርብ ነው። የእርሱ የዘር ምርመራና የእርሷ የመጀመሪያ ምርመራ ከደመወዝ ሊወጣ የሚችል ነው፤ ለምርት አይቆይም። እርሷ ለፅንሱ ጤንነት የሚረዳውን ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ርካሽ ኪኒን ከዚያው ቀን ትጀምራለች። በሰኔ ጫቱን ትቶ፥ በነሐሴ መጨረሻ ምርመራውን ይደግማል። በክረምቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እርሷ የቱቦዋን ራጅ ትነሣለች። ጥቅምት ሲጠባና ለቀማው ሲጀመር እንግዲህ ችግሩ የት እንዳለ ታውቋል፤ ምናልባት ኪኒን ይበቃ ይሆናል፤ ምናልባትም አዲስ አበባ መሄድ ግድ ይሆናል። መሄድ ከሆነ ደግሞ የእርሱ የዓመት ፈቃድ ለጥር ይጠየቃል፤ ያን ጊዜ እሸቱ ተሽጧል።

በአውቶቡሱ ላይ ከልብስ ሻንጣው ይልቅ በእጃቸው ሊይዙት የሚገባ አንድ ማኅደር አለ። የዘር ምርመራው ሁለት ወረቀት፥ የደሙ ውጤት፥ የራጁ ፊልምና የወር አበባዋ ቀን በየወሩ የተጻፈበት ደብተር በውስጡ ይሁን። ቀኑና የላቦራቶሪው ማኅተም በግልጽ ያለበት ውጤት ሐኪሙ ዘንድ ሊያገለግል ይችላል፤ ቤት ተረስቶ የቀረ ውጤት ግን አዲስ አበባ ላይ እንደ ገና ይከፈልበታል፥ የራጁም ቀን ካለፈ ሌላ ወር ያስቆያል።